ያገለገለ የቅንጦት መኪና በኢንተርኔት ጨረታ መግዛት፦ ጅማ ሆኖ ለሚጫረት ሰው

በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከላቸው በጥር 2016 ዓ.ም. ከተነገረ ወዲህ፣ ያገለገለ ሌክሰስ፣ መርሴዲስ ወይም ሬንጅ ሮቨር የሚፈልግ ሰው ዓይኑን ከዱባይ መልሶ አገር ውስጥ ባሉት መኪኖች ላይ ለመጣል ተገዷል። የእነዚህ መኪኖች ቁጥር የተወሰነ ስለሆነ ደላላ የሚጠራው ዋጋ ሲንር እንጂ ሲወርድ አይታይም፤ ጅማ ላይ ደግሞ ምርጫው ከአዲስ አበባው ይጠብባል። በከተማችን፣ በተለይ ቡና ጥሩ ዋጋ በሚያወጣባቸው ወራት፣ ስልኩን ይዞ የጨረታ ማስታወቂያ የሚያገላብጥ ሰው የበዛው በዚህ ምክንያት ነው። በጨረታ ደህና መኪና በተመጣጣኝ ዋጋ ማግኘት ይቻላል። ሆኖም መኪናው 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ሲቆምና ገዢው የሚያየው ስምንት ወይም ዐሥር ፎቶግራፍ ብቻ ሲሆን፣ ዋጋውን መወሰን የሚገባው በመጫረቻው ሰዓት ግለት ሳይሆን መኪናውን በአካል ባዩበት ቀንና ከዚያ በኋላ ቁጭ ብለው ባሰሉበት ወረቀት ላይ ነው። ከዚህ በታች የተጻፈው ሁሉ ወደዚያ ወረቀት የሚያመራ ነው።

ጨረታው የማን እንደሆነ ማወቅ

በአገራችን የቅንጦት መኪና ለጨረታ የሚቀርበው በአብዛኛው ከአራት ወገኖች ነው። ባንኮች በአዋጅ ቁጥር 97/1990 በተሰጣቸው ሥልጣን መሠረት፣ ብድሩን ያልመለሰ ተበዳሪ በመያዣነት ያስያዘውን መኪና የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥተው ራሳቸው ይሸጣሉ። ጉምሩክ የተወረሱ ተሽከርካሪዎችን ይሸጣል። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና የግል ድርጅቶች ከአገልግሎት ያወጧቸውን ያስወግዳሉ። ኤምባሲዎችና ዓለም አቀፍ ድርጅቶችም በየጊዜው አሮጌዎቹን አውጥተው ያጫርታሉ። አንዳንዱ ጨረታ ከምዝገባ እስከ መጨረሻው ዋጋ ድረስ በኢንተርኔት የሚካሄድ ሲሆን፣ ሌላው ፎቶግራፉንና ዝርዝሩን በኢንተርኔት ካወጣ በኋላ ዋጋውን በታሸገ ፖስታ ወይም በሐራጅ ይቀበላል፤ ሁለተኛው ዓይነት ከሆነ በዕለቱ ራስዎ ወይም ሕጋዊ ውክልና የያዘ ሰው አዲስ አበባ መገኘት ሊኖርበት እንደሚችል አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል።

የሻጩ ማንነት ስለ መኪናው ጠባይ ብዙ ይናገራል። ባንክ የሚሸጠው መኪና ባለቤቱ እንደሚወሰድበት ካወቀበት ቀን ጀምሮ ዘይት እንኳ ላይቀየርለት ይችላል፤ ከተያዘ በኋላም ክርክሩ እስኪያልቅ ፀሐይና ዝናብ ላይ ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ቆሞ ይከርማል። የኤምባሲ መኪና ብዙ ጊዜ ሰርቪሱን በወቅቱ ያገኘና መዝገቡም የተሟላ ነው፤ ነገር ግን ከቀረጥ ነፃ የገባ ስለሚሆን ቀረጡና ታክሱ በገዢው ላይ ሊወድቅ ይችላል። ይህም ቀላል ሸክም አይደለም፤ የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ከወጣ ወዲህ በተለይ ባረጀ መኪና ላይ የሚጣለው ታክስ በጣም ከባድ ሆኗል። ከጉምሩክ የሚገዛ መኪና ደግሞ ሁለተኛ ቁልፍ፣ የሰርቪስ ደብተር ወይም ታሪክ ላይኖረው ይችላል።

በቴሌግራም ላይ «ጉምሩክ የወረሳቸው መኪኖች በልዩ ቅናሽ» እየተባለ የሚለቀቀውን በተመለከተ ብዙ ማለት አያስፈልግም። እውነተኛ ጨረታ በራሱ በተቋሙ ድረ ገጽ፣ ወይም በአዲስ ዘመንና በሪፖርተር ጋዜጦች ላይ ይወጣል፤ የጨረታ ቁጥር፣ የመጎብኛ ቀንና ቦታ ይኖረዋል፤ የጨረታ ማስከበሪያውንም፣ ማለትም ለመጫረት የሚያዘውን ገንዘብ፣ በተቋሙ ስም በተሠራ ሲፒኦ (ባንክ ያረጋገጠው የክፍያ ትእዛዝ) ወይም በተቋሙ ሒሳብ ይቀበላል። በግለሰብ ስም ወደተከፈተ ሒሳብ ወይም ወደ ግለሰብ ቴሌብር «ለማስያዣ» ብር እንዲላክ የሚጠይቅ ሁሉ አጭበርባሪ ነው። ሻጩ ባንክ ከሆነ ጅማ ወዳለው ቅርንጫፉ ጎራ ብሎ ማስታወቂያው የእነርሱ መሆኑን መጠየቅ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው።

ማስታወቂያው ውስጥ የተደበቀው ዋጋ

ፎቶግራፉን ከማየትዎ በፊት የጨረታውን ደንብ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው መስመር ያንብቡ። «መኪናው ባለበት ሁኔታ ይሸጣል» የሚለው ሐረግ በአብዛኞቹ ላይ የሚገኝ ሲሆን፣ ትርጉሙም ካሸነፉ በኋላ ሞተሩ የተሰነጠቀ ሆኖ ቢገኝ ሻጩን ሊጠይቁት እንደማይችሉ ሊያሳውቅዎ ነው። ቀጥሎ የሚፈለገው 15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ በሚጠሩት ዋጋ ውስጥ የተካተተ መሆኑ ወይም ከላይ የሚጨመር መሆኑ ነው፤ በብዙ ማስታወቂያዎች ላይ የሚጨመር ሲሆን፣ አራት ሚሊዮን ብር ባሉ ጊዜ ስድስት መቶ ሺህ ብር ተጨማሪ ይከፍላሉ ማለት ነው። የስም ማዛወሪያውን፣ ያልተከፈለ ዓመታዊ ክፍያንና የትራፊክ ቅጣትን ማን እንደሚሸፍን፣ የኢንተርኔት ጨረታ መድረኩን የሚያስተዳድረው ድርጅት ከገዢው ኮሚሽን የሚወስድ መሆኑንም ያጣሩ።

የጨረታ ማስከበሪያው መጠን ከተቋም ተቋም ይለያያል፤ በባንኮች ጨረታ ላይ የመነሻ ዋጋው ሩብ መጠየቁ የተለመደ ነው። አሸናፊው ቀሪውን የሚከፍልበት ጊዜ ብዙውን ጊዜ 15 ቀን ሲሆን፣ ያን ያላሟላ ሰው ማስከበሪያውን ያጣል። ስለዚህ ቡና ሲሸጥ የሚመጣ ወይም ዘመድ የሚልከው ገንዘብ ተስፋ ተደርጎ መጫረት የለበትም፤ ገንዘቡ እጅ ላይ ያለ ወይም ባንክ በጽሑፍ የፈቀደው ብድር መሆን አለበት። ማስታወቂያው «ለሁለተኛ ጊዜ የወጣ» የሚል ከሆነ ልብ ይበሉ፦ በመጀመሪያው ዙር ገዢ ያጣበት ምክንያት አለ። አንዳንዴ ምክንያቱ የመነሻ ዋጋው መጋነን ብቻ ይሆንና ለትዕግሥተኛ ገዢ መልካም አጋጣሚ ይፈጥራል፤ አንዳንዴ ደግሞ ቀድመው ያዩት መካኒኮች ሁሉ አንድ ነገር አይተው ተመልሰዋል።

ሊብሬና የሻንሲ ቁጥር

የሊብሬውን ቅጂ ይጠይቁ። በሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲ ቁጥርና የሞተር ቁጥር መኪናው ላይ ከተመታው ጋር አንድ በአንድ መመሳሰል አለበት። በዘመናዊ መኪኖች የሻንሲ ቁጥር 17 ፊደላትና አኃዞች ያሉት ሲሆን፣ አይ፣ ኦ እና ኪው የተባሉት የላቲን ፊደላት ከ1 እና ከ0 ጋር እንዳይምታቱ ተብሎ አይገቡበትም፤ በሰነድ ላይ ኦ የምትመስል ነገር ካዩ ወይ ዜሮ ናት ወይ ስሕተት አለ። ለአሜሪካ ገበያ በተሠሩ መኪኖች ላይ ዐሥረኛው ቦታ የሞዴሉን ዓመት ያመለክታል፤ ለምሳሌ ኤፍ 2015ን፣ ኤች 2017ን (እ.ኤ.አ.) ያሳያል። ለአውሮፓ ገበያ የተሠራ መርሴዲስ ግን ይህን ሥርዓት ላይከተል ስለሚችል፣ በዐሥረኛው ፊደል ብቻ ተነሥቶ «ዓመተ ምሕረቱ ተቀይሯል» ብሎ መደምደም ትክክል አይደለም።

ሙሉውን የሻንሲ ቁጥር በኢንተርኔት መፈለጊያ ላይ መጻፍ አምስት ደቂቃ የማይወስድ ሲሆን፣ አንዳንዴ ከሁሉም የበለጠ ምስክር ይሰጣል። ከአሜሪካ የመጡ ብዙ መኪኖች በዚያ በአደጋ መኪና ጨረታ ላይ አልፈው የተጠገኑ ናቸው፤ የተጨፈለቀው ፊታቸው ፎቶግራፍ ዛሬም ድረስ ኢንተርኔት ላይ ተቀምጦ ይገኛል። በተጨማሪም መሪያቸው ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረ መኪኖች በአገራችን ስላሉ፣ የዝናብ መጥረጊያዎቹ በየትኛው ጎን እንደሚያርፉና በዳሽ ቦርዱ ላይ የተቀጠለ ቦታ መኖር አለመኖሩን ማየት ተገቢ ነው። መኪናው ላይ የፍርድ ቤት እገዳ ወይም ሌላ ዕዳ መኖሩ የሚረጋገጠው ፋይሉ በሚገኝበት የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ነው።

መኪናውን በአካል ማየት

የመጎብኛ ቀን ሳይሄዱ መጫረት አይገባም። ከጅማ ማለዳ ተነሥቶ አዲስ አበባ ደርሶ፣ አድሮ፣ በማግስቱ መኪናውን አይቶ መመለስ የሁለት ወይም የሦስት ቀን ድካምና የጥቂት ሺህ ብር ወጪ ነው። ሚሊዮኖችን ለሚያወጣ ሰው ይህ ወጪ ሊከብደው አይገባም። ራስዎ የማይሄዱ ከሆነ ያን የመኪና ዓይነት የሚያውቅ መካኒክ ይላኩ፤ ክፍያውን ግን ለድካሙ በቁርጥ ይስጡት። «ከተገዛ እከፍልሃለሁ» የተባለ መካኒክ፣ ሰው ነውና፣ መኪናው እንዲገዛ ይፈልጋል።

እኔ ራሴ ይህን ሁሉ ከማወቄ በፊት አንድ ጀርመን ሠራሽ ባለ አራት ጎማ ነጂ መኪና በጨረታ ገዝቼ ነበር። በፎቶግራፎቹ ሁሉ ላይ ቁመናው ያማረ ነበር፤ ለማየት ስሄድም የጥበቃ ሠራተኛው ሞተሩን አስነሥቶ ጠበቀኝና እንደ ደግነት ቆጠርኩለት። ከፍዬ፣ ተረክቤ፣ ነድቼ ጅማ ገባሁና ቦሳ ቂጦ ግቢዬ ውስጥ አቆምኩት። ጠዋት ስነሣ የኋላው ግራ ጎን ጎማውን እስኪውጥ ድረስ ወርዶ አገኘሁት። የአየር ሱስፔንሽኑ ፊኛ ተቀዶ ኖሯል፤ ሞተሩ ሲነሣ ኮምፕረሰሩ አየር እየሞላ ያቆመዋል፣ ሞተሩ ሲጠፋ ሌሊቱን ቀስ እያለ ይተነፍሳል። የሚያፈሰውን ለመሙላት ያለ ዕረፍት ሲሠራ የከረመው ኮምፕረሰርም ተቃጥሎ ነበርና ሁለቱንም ለማስመጣት ሦስት ሳምንት ጠበቅሁ። ጎረቤቶቼ «መኪናህ ተንበርክካለች» እያሉ ሲያልፉ የነበረውን አልረሳውም።

ከዚያ ወዲህ የምከተለው ሥርዓት የሚጀምረው ከሞተሩ መቀዝቀዝ ነው። ከቀጠሮው ሰዓት ቀድመው ይድረሱ፣ ሞተሩ እንዳይነሣ ይጠይቁ፣ እጅዎን ኮፈኑ ላይ ያሳርፉ፤ ሞቆ ካገኙት አንድ ሰው ሊደብቀው የፈለገው የማስነሻ ችግር ሊኖር ይችላል። ከዚያ በአራቱም ጎማ ላይ ከጎማው መሐል እስከ ላይኛው የላሜራ ጠርዝ ያለውን ርቀት በሜትር ይለኩ። ግራና ቀኙ ሊመሳሰል ይገባል። ኤርማቲክ የተባለው የአየር ሱስፔንሽን ያለው መርሴዲስም ሆነ ሬንጅ ሮቨር ቆሞ ሲከርም ጥቂት ሊወርድ ይችላል፤ አንድ ጎን ብቻ ወርዶ ከተገኘ ግን በስሌትዎ ላይ የፊኛና የኮምፕረሰር ዋጋ መጨመር አለበት።

ቀጥሎ መኪናው የቆመበትን መሬት ይመልከቱ። ለወራት የቆመ መኪና ምስጢሩን መሬት ላይ ይጽፋል፦ ጥቁር ጠብታ የሞተር ዘይት፣ ቀላ ያለው የካምቢዮ ወይም የመሪ ዘይት፣ አረንጓዴ ወይም ሮዝ ዝቃጭ የራዲያተር ውኃ ነው። ኮፈኑን ሲከፍቱ የአይጥ ኩስና የተበላ ሽቦ ይፈልጉ። በቅንጦት መኪና ላይ አንድ የተበላ ሽቦ አሥር መብራት ዳሽ ቦርድ ላይ ሊያበራና ኤሌክትሪሺያኑን ብልሽቱን ሲፈልግ ሳምንት ሊያቆየው ይችላል። ጎማዎቹ ላይ የተሠሩበትን ሳምንትና ዓመት የሚናገሩ አራት አኃዞች አሉ፤ 3519 ማለት በ2019 እ.ኤ.አ. በ35ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ያረጀና በአንድ ቦታ ቆሞ የተጠፈጠፈ ጎማ መቀየር ያለበት ነው፤ የእነዚህ መኪኖች ጎማ ዋጋ ደግሞ እንደ ኮሮላ አይደለም።

ቁልፉን ከፍተው ሞተሩን ሳያስነሡ ዳሽ ቦርዱን ያንብቡ። በዚህ ጊዜ የሞተር፣ የኤርባግና የፍሬን ማስጠንቀቂያ መብራቶች በሙሉ መብራት፣ ሞተሩ ሲነሣ ደግሞ በየተራ መጥፋት አለባቸው። ጭራሽ ያልበራ መብራት ካለ፣ አምፖሉ ሆን ተብሎ ተነቅሏል ወይም ከሌላ መብራት ጋር ተያይዟል ብሎ መጠርጠር ይገባል። በተለይ የኤርባግ መብራት ካልበራ መኪናው አደጋ ደርሶበት ኤርባጎቹ ፈንድተው ያልተተኩ ሊሆኑ ይችላሉ። የመኪናውን የብልሽት ኮድ የሚያነብ ስካነር ይዘው ይሂዱ፤ ርካሹ ስካነር ግን የሚያነበው ሞተሩን ብቻ ስለሆነ፣ ለጀርመን መኪና ካምቢዮን፣ ፍሬንን፣ ኤርባግንና ሱስፔንሽንን ጭምር የሚያነብ ያስፈልጋል። ምንም ብልሽት አላሳየም ማለት ንጹሕ ነው ማለት እንዳልሆነም ይወቁ፤ ከሰዓታት በፊት የተሰረዘ ሊሆን ይችላል። ስካነሩ መኪናው በራሱ ላይ የሚያደርጋቸው ምርመራዎች «አልተጠናቀቁም» የሚል ካሳየ ኮዱ በቅርብ ተሰርዟል ወይም ባትሪው ተነቅሏል፤ ለረጅም ጊዜ በቆመ መኪና ላይ ሁለተኛው የተለመደ በመሆኑ ይህ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

በጨረታ ግቢ ውስጥ መንዳት ብዙ ጊዜ አይፈቀድም። ቢሆንም እግርዎን ፍሬን ላይ አድርገው ማርሹን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲያስገቡ፣ ካምቢዮው ከሁለት ሰከንድ በላይ ከዘገየ ወይም «ዷ» ብሎ ከገባ ወጪው ከባድ ነው። መሪውን ከዳር እስከ ዳር ያዙሩ፣ ኤሲውን ይክፈቱ፣ የመቀመጫ ቀበቶውን እስከ መጨረሻው ይሳቡ፤ በቀበቶው መጨረሻ ላይ ጭቃ ወይም የውኃ መስመር ካለ መኪናው ጎርፍ ውስጥ ገብቶ ነበር። የፍሬን ፔዳሉ ጎማ አልቆ፣ የመሪው ቆዳ ለስልሶ፣ የሾፌሩ መቀመጫ ጠርዝ ተጨማድዶ ሳለ ኪሎ ሜትሩ 60,000 ካለ፣ ቁጥሩን አይመኑት። ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ ደግሞ ቁጥሩ ማይል እንጂ ኪሎ ሜትር አለመሆኑን ያጣሩ።

ለጅማ ሰው ግን ከሁሉ አብልጬ የምመክረው ግማሽ ሊትር ውኃ ይዞ መሄድን ነው። የጣሪያ መስኮት ያላቸው መኪኖች በመስኮቱ አራት ማዕዘን ላይ ቀጫጭን የውኃ ማፍሰሻ ቱቦዎች አሏቸው፤ መኪናው ዛፍ ሥር ሲከርም ቅጠልና አቧራ ይደፍናቸዋል። መስኮቱን ከፍተው በጠርዙ ቦይ ላይ ውኃውን በቀስታ ያፍስሱና አንድ ሰው በጎማዎቹ አካባቢ ሲንጠባጠብ ይመልከት። ካልወጣ ውኃው ወደ ውስጥ ይገባል ማለት ነው። በብዙ የቅንጦት መኪኖች ላይ የኤሌክትሮኒክስ ሳጥኖቹ ከምንጣፍና ከመቀመጫ ሥር ስለሚገኙ፣ አዲስ አበባ በበጋ የተገዛ መኪና በጅማ ክረምት ከሁለት ሳምንት ዝናብ በኋላ እንደ አበደ ሰው መስኮቱን ራሱ የሚከፍትና የሚዘጋ ሊሆን ይችላል። ምንጣፉን አንሥተው በመዳፍዎ ይጫኑ፤ እርጥበት ካለ ውኃው ቀድሞዎታል።

የቀለም ውፍረት መለኪያ ያለው መካኒክ ካገኙ፣ የፋብሪካ ቀለም አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 180 ማይክሮን ይሆናል፤ ከዚያ እጅግ የበለጠ ከሆነ ሥሩ ስቱኮ አለ። ስቱኮውን ለመለየት ማግኔት ይዘው የሚሄዱ ሰዎች ደግሞ ከ2012 እ.ኤ.አ. ወዲህ የወጣው ሬንጅ ሮቨር አካሉ አሉሚኒየም በመሆኑ ማግኔት ባይይዝ ሊደነግጡ አይገባም።

ስለ መኪናው ዓይነት ያለኝን አስተያየት ለመናገር፣ ጅማ ለሚኖር ሰው ሌክሰስን አስቀድማለሁ። ኤልኤክስ 570 በብዙ ነገሩ ከላንድ ክሩዘር 200 ጋር የአንድ እናት ልጅ ስለሆነ፣ እዚህ ያለው የቶዮታ መካኒክ ግራ አይጋባበትም፤ መለዋወጫውም ከአዲስ አበባው ሶማሌ ተራ በአውቶቡስ ተልኮ በማግስቱ ሊደርስ ይችላል። ባለ 5.7 ሊትር ሞተሩ ቤንዚን መጠጣቱ ግን አይካድም፤ ማደያ ላይ ሰልፍ በሚረዝምባቸው ሳምንታት ይህ ትልቅ ነገር ነው። መርሴዲስና ቢኤምደብሊው ታሪካቸው ከተሟላ ደህና ናቸው፤ የኤሌክትሮኒክስ ችግር ሲገጥም ግን ወደ አዲስ አበባ መመላለስ አይቀርም። ሬንጅ ሮቨር ለመቀመጥ ከሁሉም የሚመቸኝ ቢሆንም፣ ጋራዡ ቅርብ ለሆነለት ሰው እተወዋለሁ።

ወረቀቱ ላይ የሚወጣው ጣሪያ

ስሌቱ የሚጀምረው ከመጨረሻው ነው። ያ መኪና ሙሉ ጤናማ ሆኖ በገበያ ላይ ስንት ያወጣል? ለምሳሌ ያህል ብቻ ስድስት ሚሊዮን ብር ነው እንበል። መካኒኩ የገመተው ጥገና 600,000፣ የስም ማዛወሪያ፣ ቦሎና መድን 150,000፣ ጉዞና ማጓጓዣ 50,000፣ ሳይታይ ለቀረ ብልሽት መጠባበቂያ 600,000 ብር ቢሆን፣ ድምሩ 1,400,000 ብር ይሆናልና ቀሪው 4,600,000 ብር ነው። ይህ ግን የሚጠሩት ዋጋ አይደለም። ታክሱ ከላይ የሚጨመር ከሆነ 4,600,000ን ለ1.15 ማካፈል ያስፈልጋል፤ ውጤቱም ልክ 4,000,000 ብር ነው። የሚጠሩት ከፍተኛው ዋጋ ይህ ነው። ብዙ ሰው 4,600,000 ብሎ ይጠራና በኋላ 690,000 ብር ታክስ ሲጠየቅ ይደናገጣል።

መጠባበቂያውን «ምንም ካልተበላሸ ይተርፈኛል» ብሎ መቀነስ ትልቁ ፈተና ነው። ነድተው ያላዩት መኪና ላይ ከገበያ ዋጋው አንድ አሥረኛ ማስቀመጥ ለእኔ ዝቅተኛው ነው። ጣሪያውን በወረቀት ላይ ጽፈው ለባለቤትዎ ወይም ለወንድምዎ ይስጡ፤ በመጫረቻው ሰዓት «ሃምሳ ሺህ ብቻ ልጨምር» የሚለውን ሐሳብ የሚገታው የሌላ ሰው ዓይን ነው።

የመጫረቻው ዕለት

በእኛ አገር ኢንተርኔት ጨረታ ላይ ገዢን የሚያስቀር አንድ ልዩ ነገር አለ፤ እርሱም ሰዓት ነው። «10:00 ላይ ይዘጋል» የሚል ማስታወቂያ የእኛን ከቀኑ 10 ሰዓት ወይስ የፈረንጁን 10፣ ማለትም የእኛን ከጠዋቱ 4 ሰዓት? የአጎቴ ልጅ ይህን ሳይጠይቅ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ተረጋግቶ ኮምፒውተሩን ሲከፍት፣ ጨረታው ከተዘጋ አምስት ሰዓት ሆኖት አገኘው። መኪናው እርሱ ሊሰጥ ካሰበው ባነሰ ዋጋ ተሸጦ ነበር። የውጭ ሶፍትዌር የሚጠቀሙ መድረኮች ደግሞ ሰዓቱን ከእኛ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ በሆነ የዓለም አቀፍ አቆጣጠር ሊያሳዩ ይችላሉ። ስልክ ደውለው «በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ ስንት ሰዓት ነው?» ብለው ይጠይቁ፤ ቀኑንም በሁለቱም የዘመን አቆጣጠር ያረጋግጡ።

ምዝገባው መታወቂያ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና የማስከበሪያ ማረጋገጫ ስለሚጠይቅ ቢያንስ ከሦስት ቀን በፊት ይጨርሱት። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ስልክም ኮምፒውተርም ሙሉ ባትሪ ይኑራቸው፤ ከዋይፋይ ሌላ የሞባይል ዳታም ይዘጋጅ። የመድረኩን የመዝጊያ ደንብ ይወቁ፦ አንዳንዱ በመጨረሻዎቹ ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃዎች ውስጥ አዲስ ዋጋ ከቀረበ ጊዜውን ያራዝማል፤ በዚያ ላይ እስከ መጨረሻው ሰከንድ አድፍጦ መጠበቅ ትርጉም የለውም። በቁርጥ ሰዓት የሚዘጋ ከሆነም ከጅማ ሆኖ በመጨረሻው ሰከንድ ላይ መመካት ኔትወርክ ላይ ቁማር መጫወት ስለሆነ፣ ከ10 ደቂቃ በፊት ዋጋዎን ያስገቡ። መድረኩ ጣሪያዎን ተቀብሎ ተፎካካሪ ሲመጣ ብቻ በጥቂት በጥቂቱ የሚጨምርልዎ ከሆነ፣ ጣሪያውን አስገብተው ቡናዎን ይጠጡ። «አረጋግጥ» የሚለውን ከመጫንዎ በፊት ዜሮዎቹን ይቁጠሩ፤ 4,000,000 እና 40,000,000 በስልክ ስክሪን ላይ ይመሳሰላሉ።

ካሸነፉ በኋላ

የአሸናፊነት ደብዳቤው በደረሰዎ ቀን የክፍያውን የመጨረሻ ቀን ይቁጠሩና ከዚያ ቀድመው ይክፈሉ። ሲረከቡ የርክክብ ሰነዱ ላይ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ፣ የቁልፎቹ ብዛት፣ ስኮርት ጎማውና ክሪኩ ሁሉ ይጻፍ፤ ሁለተኛ ቁልፍ ለጀርመን መኪና በኋላ ማስቀረጽ ውድ ነው። ሻጩ ለትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት የሚጽፈው የስም ማዛወሪያና የእገዳ ማንሻ ደብዳቤ በእጅዎ ሳይገባ አዲስ አበባን አይልቀቁ። ፋይሉን ወደ ኦሮሚያ ማዛወርና ጅማ ላይ ማስመዝገብ የቀናት ሥራ ሲሆን፣ ያለ ደብዳቤ ግን አይጀመርም። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የተደነገገው የሦስተኛ ወገን መድን ሳይኖር መኪናው ከግቢው መውጣት የለበትም።

ለረጅም ጊዜ የቆመን መኪና በቀጥታ ወደ ጅማ መንዳት አልመክርም። መጀመሪያ እዚያው ዘይቱ፣ ማጣሪያዎቹና የራዲያተር ውኃው ይቀየሩ፣ ፍሬኑ ይፈታ፣ ባትሪው ይመርመር፤ አጠራጣሪ ነገር ካለ በመኪና ጭኖ ማምጣት ይሻላል። ከነዱት እውነተኛው ፈተና የጊቤ በረሃ ነው። ወልቂጤን እንዳለፉ ያለው ረጅም ቁልቁለት ደካማ ፍሬንን፣ ከድልድዩ ወደ አበልቲ ያለው ዳገት ደግሞ ደካማ ራዲያተርን ያጋልጣል። ወልቂጤ ላይ አቁመው ሁሉን ይመልከቱ፤ ቁልቁለቱን በዝቅተኛ ማርሽ እንጂ በፍሬን ብቻ አይውረዱ፤ ዳገቱ ላይ የሙቀት መለኪያው ከመሐል ከፍ ካለ ኤሲውን ያጥፉና ቦታ ፈልገው ይቁሙ። በሞቀ ራዲያተር ላይ ክዳኑን መክፈትም ሆነ ቀዝቃዛ ውኃ ማፍሰስ ክልክል ነው። ሰኮሩን አልፈው አሰንዳቦና ሰርቦ ሲደርሱ መንገዱም አየሩም ይለዝባል።

ጅማ እንደገቡ መኪናውን ደልዳላ ሲሚንቶ ላይ ያቁሙና ሞተሩን ያጥፉ። በአራቱም ጎማ ላይ ከመሐሉ እስከ ላሜራው ጠርዝ ያለውን ርቀት በሜትር ለክተው በወረቀት ይመዝግቡ፣ ሥሩ ንጹሕ ካርቶን ያንጥፉ፣ ቁልፉንም ወደ ቤት ይዘው ይግቡ። ጠዋት ማንም ሞተሩን ሳያስነሣው ያንኑ ሜትር ይዘው ይውጡና እንደገና ይለኩ።